የጆሮ ውታፍና የመንገድ ምርቃት

እንቅልፌ ስስ ነው። አይጥ ኮሽ ካደረገች ነቅቻለሁ። አርጆ፣ በራሴ ቤት፣ ይሄ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ከቆርቆሮው ዝናብ ጋር አብረን ነው ያደግነው፣ የጎረቤቱም ውሻ ማን ላይ እንደሚጮኽ በድምፁ ስለማውቅ ገልበጥ ብዬ እተኛለሁ። ጣጣው የሚመጣው ከቤት ስወጣ ነው። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የማይነቃነቅ ፍጡር ይመስላል እንጂ ለሥልጠና፣ ለፈተና እርማት፣ ለስብሰባ እየተባለ ያላደረበት ከተማ የለም። ጊምቢ አድሬያለሁ። ሻምቡ አድሬያለሁ። ጉቴ እንኳ፣ እዚያው ነቀምቴ አፍንጫ ሥር ሆና፣ መኪና ተበላሽቶብን አድሬያለሁ። ስለነዚህ ከተሞች ገበያ ብትጠይቁኝ እንደማንም ሰው ነው የማውቀው፤ ስለ ፔንሲዮኖቻቸው ግድግዳ ውፍረት ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ቆሜ መመስከር እችላለሁ።

የፔንሲዮን ግድግዳ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ብዙው አንድ ክፍል በኮምፖንሳቶ ተከፍሎ ሁለት የተባለ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል ትራስ ላይ ያሳለ ይመስላል። ታች ግሮሰሪ አለ። ግሮሰሪው ሲዘጋ የቧንቧ ውሃ ይመጣና በርሜል መሙላት ይጀመራል፤ በርሜሉ ሲሞላ ደግሞ የመናኸሪያ ረዳቶች "ጊምቢ፣ ጊምቢ፣ ጊምቢ" ማለት ይጀምራሉ። ጠዋት ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ "አከም ቡልተኒ?" ይላል፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። ወለጋ ውስጥ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ስለሆነ "ነጋ"፣ ደህና ነኝ፣ ብዬ አልፋለሁ። በዕድሜዬ የዋሸሁት ውሸት ቢሰበሰብ ግማሹ ይሄ ነው።

ስለዚህ ከጊዜ ብዛት የጆሮ ውታፍ ፈላጊ ሆንኩ። በጥጥ ጀመርኩ። ጥጥ ድምፅን አያቆምም፣ ያጣራዋል እንጂ፤ ቀጭኑን ያስቀርና ወፍራሙን ያሳልፈዋል፣ የግሮሰሪ ከበሮ ደግሞ ወፍራም ነው። ጥጡን በቫዝሊን ነከርኩት፤ ትራሱ ቅባት በቅባት ሆኖ የጊምቢዋ አልጋ አንጣፊ ፀጉሬን ምን እንደምቀባው ጠየቀችኝ። የጧፍ ሰም በጣቴ አሙቄ ሞከርኩ። እሱስ ድምፅ ያፍናል፤ ግን ጧፍ ጧፍ ሸትቼ ኪዳን ስታደርስ ያደረች ሴት መሰልኩ። አባቴ ሰሙን ስጠቀልል አይተው "ጆሮሽን ልታበሪው ነው?" ብለው ሳቁብኝ። አንድ ባልደረባዬ ለዋናተኞች የሚሠራ የጎማ ውታፍ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፤ ሦስት ቀለበት አለው፣ ሁለቱ በክር የተያያዙ ናቸው። ቁጭ ላለ ሰው ደህና ነው። በጎን ሲተኙበት ግን ትራሱ ጫፉን እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ጠዋት ጆሮ ያብጣል። እኔ ደግሞ ከጎኔ በቀር በሌላ መተኛት አልችልም። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የእንቅልፍ ውታፍ ቁም ነገሩ ድምፅ ማቆሙ ሳይሆን ጆሮ ውስጥ መኖሩ መረሳቱ ነው።

አባቴ የዓይን ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው ይሄን ሁሉ ስሞክር በነበረበት ጊዜ ነው። አንደኛው ዓይን ከመታወቁ በፊት ሄዷል። የነቀምቴው ሐኪም ለቀረው ጠብታ አዘዘላቸውና በየወሩ እየመጡ እንዲለኩ ነገራቸው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ እህቶቼ ሩቅ አገር ገብተዋል፣ አባቴን ይዞ መውጣት የእኔ ድርሻ ሆነ። ከአርጆ በጠዋት ተነሥቶ ወረፋው ላይ አይደረስም፤ ወረፋ የሚያዘው ሳይነጋ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ገብተን፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለ ፔንሲዮን፣ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል እንይዛለን።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባቴ ነጋዴ ነበሩ። አያቴ ቡናና ማር ፍለጋ ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው መጥተው አርጆ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አባቴም በጉልምስናቸው በበቅሎ ዴዴሳን ወርደው ወጥተዋል። እነዚያ ነጋዴዎች የመንገድ ምርቃት የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። መንገድ ላይ ያደረ ጓድ ገና ሳይነሣ፣ ጋቢው ውስጥ እንዳለ፣ ሽማግሌው ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ይመርቃል፤ ሌላው በተኛበት፣ በየተራው፣ አሜን ይላል። አሜን ያላለ ሰው በቅሎው አይጫንለትም። ነገሩ ለጌጥ አልነበረም። ቆላ ላይ ንዳድ የያዘው ሰው ማታ እየሳቀ ተኝቶ ጠዋት ራሱን የማያውቅ ሆኖ ይገኛል። አሜን ማለት አለሁ ማለት ነበር፤ አእምሮዬ ደህና ነው፣ መሄድ እችላለሁ ማለት ነበር። አሜን የጎደለ እንደሆነ ሄደው እግሩን በእጅ ይነኩታል፤ ትኩስ ነው ቀዝቃዛ ነው ብለው። ምርቃቱም የሚይዘው አሜን ላለ ነው ይላሉ፤ ዝም ላለ ሰው አይደርሰውም።

ቤት ውስጥ ይሄ ምርቃት የለም። "ቤቱ ያለ ሰው ደርሷል፤ የደረሰን ሰው ምን ብዬ ልመርቅ" ይላሉ አባቴ። እኔም በልጅነቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከአባቴ ጋር መንገድ ወጥቼ ያደርኩት ፀጉሬ ሸብቶ፣ ለዓይናቸው ብለን ነቀምቴ ስንመላለስ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ከነድካሜ ትዝ ይለኛል። ከግሮሰሪውና ከበርሜሉ ጋር ስታገል ቆይቼ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ አባቴ አልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ተከናነቡና ወደ እኔ ዞረው ጀመሩ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ እንቅፋት አይምታሽ፤ ከወንዝ ሙላት፣ ከዴዴሳ ንዳድ፣ ከሽፍታ ዓይን ይሰውርሽ። ከክፍላችን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ያለው አስፋልት ነው፤ የሚሻገሩት ወንዝም የሚያስፈራ ሽፍታም የለበትም። ሳቄን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩና "አሜን" አልኩ። "እሰይ" አሉ። ተበሳጭቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤ ለእንቅልፍ የምሰስተው ሰዓት ነበር። ነገር ግን ድምፃቸው ደስ አለኝ። ቀን ቀን የምመራቸው ሽማግሌ በጨለማው ውስጥ ጓድ የሚመሩ ጎልማሳ ሆኑብኝ።

እንዲህ እያልን ጥቂት ወራት ተመላለስን። ከነቀምቴ በተመለስኩ ቁጥር ግን ሰው አልሆንም። አንድ ቀን ተማሪዎቼ የክፍል ሥራ እየሠሩ ጠረጴዛዬ ላይ አንቀላፋሁ፤ አንዷ ልጅ ሌሎቹን "እሽሽ፣ ትተኛ" ስትል ነው የነቃሁት። አፈርኩ። ይሄንን ለአባቴ እንደ ቀልድ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "የእኔ ዓይን ሲድን ያንቺ ሊጠፋ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ የውታፉን ነገር ራሳቸው ያዙት።

በቀጣዩ ጉዞ ከሐኪም ቤት ስንወጣ ፋርማሲ በፋርማሲ ዞርን። አንዱ የለም አለን፣ ሌላው ያንን ባለ ቀለበት ጎማ አወጣልን። አባቴ ቆም ብለው "ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ጆሮውን በምን ይደፍናል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ አልኩ። መዶሻና መጋዝ ወደሚሸጥ ሱቅ ይዘውኝ ገቡ። ከባለሱቁ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የእሳቸው ሰላምታ ከብቱንም እህሉንም ዝናቡንም የሚጠይቅ ስለሆነ ረዘም ያለ ነው።

"አባ፣ ለማን ነው?" አለ ባለሱቁ።

"ለልጄ። መንገድ ላይ እንቅልፍ አይወስዳትም።"

ከስፖንጅ የተሠሩ፣ የተለያዩ ዓይነቶች ከሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላቸው። አባቴ እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ጨመቅ አድርገው ይለቁትና ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፤ ቡና ሲገዙም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። "ይሄ ቶሎ ይመለሳል፤ ጆሮዋን ይገፋታል። ይሄ ደረቅ ነው፣ ያቆስላታል። ይኸኛው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው።" እሱን መዳፌ ላይ አኖሩት። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ቢጫ ነገር ነበር። "ይሄ ይስማማሻል" አሉ፣ ትልቅ ነገር የገዙልኝ ያህል ደስ ብሏቸው።

ተስማማኝም። እቤት ስገባ ከጆሮዬ የሚተርፈውን ጫፉን በምላጭ ቀነስኩለት፤ በጎኔ ስተኛ ትራሱ እንዳያገኘው። ከዚያ አገባቡን ተማርኩ። በጣት ጠቅልሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ አስገብቶ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ደገፍ አድርጎ መጠበቅ። በሚቀጥለው ወር ነቀምቴ ስናድር ግሮሰሪው ራቀ። በርሜሉ ጠፋ። ረዳቶቹ ሌላ ከተማ ሄዱ። በመጨረሻ የቀረኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱም ወዲያው ተረሳኝ።

በዚያ ጠዋት እግሬ ላይ እጅ አርፎ ነቃሁ። አባቴ አልጋዬ ግርጌ ቆመዋል፤ በብርድ ልብሱ ላይ ቁርጭምጭሚቴን ይዘዋል። ውታፉን አወጣሁ።

"እንዴት አደርሽ?"

"ደህና" አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዋሽ። "መርቀውኝ ነበር እንዴ?"

"ተይው፣ ብቻ ተኚ። ምርቃት የትም አይሄድም።"

አሜን ስላጡ መጥተው እግሬን እንደነኩ ገብቶኛል። ግን ለወረፋ የቀሰቀሱኝ አድርጌ መውሰድ ቀለለኝ። ውታፉን የመረጡት እሳቸው፣ ተኚ ያሉኝ እሳቸው፤ ምን ቸገረኝ። በየወሩ ጠግቤ ተኛሁ፤ አባቴም ፊቴን አይተው "ወዝ መጣልሽ" ይሉኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ያህል እንደዚያው እግሬን ይዘው ቀሰቀሱኝ። ከዚያ በኋላ እጁ ቀረ። የወረፋው ሰዓት ሲደርስ መብራቱን ያበሩና ብርድ ልብሴን ሳብ ያደርጋሉ፣ እነሣለሁ። ሥርዓቱን የተዉት መሰለኝ። ሰው ሲያረጅ የማይተወው የለም ብዬ አለፍኩት።

እውነቱን የሰማሁት ከእሳቸው አይደለም። ከአንዲት ባሏን ከምታሳክም ሴት ነው። ከዲጋ ወዲያ ካለ ገጠር የሚመጡ ናቸው፤ የባሏ ቀጠሮ ሁልጊዜ ከአባቴ ጋር አንድ ቀን ስለሚውል ፔንሲዮን ውስጥም ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይይዛሉ። ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ሰላም እንባባል ነበር እንጂ ተቀምጠን አውርተን አናውቅም። ያን ቀን ሁለቱ ወንዶች ለምርመራ ገቡና እኛ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረን። ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታ ዘገነችልኝና፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አድርጋ፣

"ኦቦሌቲ ኮ፣ ጆሮሽንም እዚሁ ታሳይዋለሽ?" አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው።

"ጆሮዬን ምን ሆኜ?"

"የማይሰማሽ መስሎኝ ነዋ። አባት በየጠዋቱ ይመርቃል፣ ልጅ ዝም ትላለች። ምስኪን፣ ደንቆሮ ናት ብዬ ሳዝንልሽ ነበር።"

ውታፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። "ለካ አውቀሽ ነው" አለች፤ በክፋት አይደለም፣ ገርሟት ነው።

"የእኛን ምርቃት እንዴት ሰማሽው?" አልኳት።

"ግድግዳው ወረቀት አይደል እንዴ። መጀመሪያ ቀን ሰማኋቸው። መረቁ፣ መላሽ የለም። ትንሽ ቆዩና ደግመው መረቁ። አሁንም የለም። ምርቃት መሬት ሲወድቅ እየሰማሁ እንዴት ልተኛ? እኔ 'ሃ ተኡ' አልኳቸው።" ሃ ተኡ ይሁን ማለት ነው፤ የኦሮሞ ሽማግሌ ሲመርቅ ሰው ሁሉ የሚመልስለት ቃል ነው።

"እሳቸውስ?"

"ደነገጡ መሰለኝ። ቆይተው 'ማነሽ?' አሉኝ። ነገርኳቸው። 'የማንም ሁኚ፣ እግዜር ይስጥሽ' ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እኛንም ይመርቁናል። ዱጉማ፣ እውነቴን ነው፣ ሠርቶልናል። የባሌ ዓይን ባለበት ቆሟል፤ ላሜም ሴት ወለደች።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እንደ ነጋዴዎቹ ሕግ፣ አሜን ብዬ ቢሆን ያቺ ጥጃ የእኔ ነበረች ልላት አሰብኩ፤ ቀልዱ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። የተሰማኝ ቅናት ነበር፣ ያውም የልጅ ቅናት። ከቅናቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። "ደግመው መረቁ" ያለችው ቃል ነው የያዘኝ። አንድ ጊዜ ብለው፣ ጠብቀው፣ ምናልባት አልሰማችኝ ይሆናል ብለው ደገሙ። እኔ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ እሳቸው በመረጡልኝ ስፖንጅ ጆሮዬን ደፍኜ፣ በሰላም ተኝቼ ነበር።

አባቴ ከምርመራ ሲወጡ ምንም አላልኳቸውም። በሚቀጥለው ወር ጆሮዬን ከፍቼ እንደማድር፣ ከዲጋዋ ሴት ቀድሜም አሜን እንደምል ወሰንኩ። ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም። ይቅርታ መጠየቅም፣ ማስረዳትም አላማረኝም፤ እሳቸው ሲመርቁ የእኔን ድምፅ እንዲሰሙ ብቻ ነው የፈለግኩት። ወሩ ረዘመብኝ። አርጆ ላይ ሳለሁ፣ ቡና ላይም፣ ደብተር ሳርምም፣ አሜን አባባ እንዴት እንደምል አስብ ነበር። እቤት መርቁኝ ማለት አይቻል ነገር፤ የደረሰን ሰው ምን ብዬ ልመርቅ ነው የሚሉት።

ወሩ ደረሰ፤ ገባን፤ ያንኑ ክፍል ያዝን። ውታፉን አባቴ እያዩ እንደ ወትሮው ከቦርሳዬ አወጣሁና መብራቱ ሲጠፋ ትራሴ ሥር ከተትኩት። ግሮሰሪው እንዳለ ነበር፣ በርሜሉም፤ ዝናብም ተጨመረበት። አልተኛሁም፣ መተኛትም አልፈለግኩም። ዝናቡ አባርቶ ረዳቶቹ መጮኽ ሳይጀምሩ በፊት የአባቴ አልጋ ሲጢጥ አለ። ተነሥተው ተቀመጡ። ጋቢያቸው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ዓይኔ ጨለማውን ለምዶት ስለነበር አየኋቸው፤ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እኔ አልጋ አልነበረም። ወደ ግድግዳው ነበር።

"ነቅታችኋል ወይ?" አሉ ቀስ ብለው።

ከግድግዳው ወዲያ ሴትየዋ "ነቅተናል፣ አባ" አለች።

ጀመሩ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ አሉ። ሃ ተኡ አለች። ከወንዝ ሙላት፣ ከንዳድ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። ሃ ተኡ። ለባልሽ ብርሃኑን ያቆይለት። ሃ ተኡ፤ ባሏም በጎርናና ድምፁ ደገመው። ለጥጃሽ ሣሩን ያለምልምላት። ሃ ተኡ። የተለማመዱት ነገር ስለሆነ በእሳቸው ቃልና በእሷ መልስ መካከል እስትንፋስ የሚያስገባ ቦታ አልነበረም። ዳር ቆሞ እንደሚያይ ሰው ሆንኩ። አሁን፣ አሁን እላለሁ፤ አፌን ስከፍት እሷ ብላዋለች። ይሄኛው የእነሱ ነው፣ የእኔ ሲመጣ እላለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

የእኔም መጣ። አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት።

"ልጄ ተኝታለች" አሉ። "ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ስትጮኽ ትውላለች። አሁን ብታርፍ ነው። እንቅልፏን አጣፍጥላት፤ የሚቀሰቅሳት አይምጣባት።"

"ሃ ተኡ" አለች የዲጋዋ ሴት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እንዳልነቃ።

ምን ልበል? አሜን ብል ነቅቼ ማደሬን፣ ተደብቄ ማዳመጤን ሊያውቁ ነው። የሚቀሰቅሳት አይምጣባት ተብሎ እየተለመነልኝ ነቅቻለሁ ማለት ምርቃቱን በራሳቸው ፊት ማፍረስ መሰለኝ። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ፣ የሁለት ክፍል ሰው ሹክሹክታ፣ ለእንቅልፌ ሲባል ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሼን እንደተኛ ሰው አስረዘምኩት። የአስተማሪነት ኑሮዬን በሙሉ ልጆችን "መልሱ" ስል የኖርኩ ሴት፣ አንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። አባቴ ሲጨርሱ ተመልሰው ጋደም አሉ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ የሚያቆመው ውታፍ አልነበረም።

ቆይ፣ በሚቀጥለው ወር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ገና ከመጀመሪያው ቃል አሜን እላለሁ፤ እንደነቃሁ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ሐሳብ ለወረፋው ቀለል ብሎኝ ተነሣሁ።

ሐኪሙ ለካቸው። ደግሞ ለካቸው። ፈገግ ብሎ ግፊቱ ወርዶ ከረጋ ወራት እንደሆነው፣ ጠብታውን ሳያቋርጡ ከቀጠሉ ነቀምቴ መመላለስ እንደማያስፈልጋቸው ነገረን። የመለኪያ መሣሪያ አርጆ ጤና ጣቢያ ገብቷል፤ ከእንግዲህ እዚያው ይታያሉ። "በስተርጅና መንገድ ይበቃዎታል፣ አባት" አላቸው። አባቴ ተነሥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔም አመሰገንኩ። ዓይናቸው ተርፏል፤ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይለምናል፣ አመሰገንኩ።

ለዲጋዋ ሴት ግቢው ውስጥ ነገርናት። እጃቸውን ይዛ ትከሻቸውን ሳመች። "አባ፣ እንግዲህ እኛን ማን ይመርቀናል?" አለች፣ ሳታፍር፣ ሰው እየሰማ። እኔ ልለው ያልቻልኩትን እሷ እንደ ዋዛ አለችው። "ዋቅኒ ጅራ፣ እግዜር አለ" አሏት አባቴ።

መናኸሪያ ሄደን የአርጆ መኪና ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው። ከተማው እያለቀ አረንጓዴው ሲጀምር፣ በተረፈችው ዓይናቸው ውጭውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ይኸው ተገላገልሽ" አሉኝ። "ከእንግዲህ ቤትሽ ሆነሽ እንቅልፍሽን ትጠግቢያለሽ።"

"አዎ፣ አባባ" አልኳቸው።